ስድስተኛው ወርቅ

ሴሚስተር ሲያልቅ የመምህር ቤት ምን እንደሚመስል መምህር የሆነ ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት፣ ወንበሩ ላይ የፈተና ወረቀት፣ ቡናው ስኒው ውስጥ ቀዝቅዞ። እዚህ ጅማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አራት ክፍል አለኝ፤ ከ200 በላይ ወረቀት ማለት ነው። የእያንዳንዱን ነጥብ በእጄ እደምርና ሮስተር ላይ እሞላለሁ።

በቀደም ወረቀት ስመልስ አንድ ልጅ ከኋላ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ነጥብ ሊከራከር ነው ብዬ ጠበቅኩት።

«ቲቸር፣ ድምሩን እስቲ እየው። አራት ጨምረህልኛል» አለኝ።

ደመርኩት። ልክ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችውን 4 ሁለቴ ቆጥሬያታለሁ። ያቺ 4 ደግሞ እንዲሁ 4 አልነበረችም። ከክፍሉ አንደኛ ያደረገችው እሷ ናት፤ ስትቀነስ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ትበልጠዋለች። ልጁ ይህን ያውቃል። እያወቀ ነው ወረቀቱን ይዞ የመጣው።

በቀይ እስክሪብቶ አስተካከልኩ፣ ፈረምኩበት፣ አለቀ። እኔ ግን አላለቀልኝም። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ አንዲት ሩሲያዊት የትራምፖሊን ስፖርተኛ አወራኋቸው። ኢሪና ካራቫዬቫ ትባላለች። ደወል ተደውሎ እንኳን ልጆቹ አልተነሱም። ከዚያ ወዲህ «ቲቸር ያንን ነገር ጨርስልን» እያሉኝ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ እዚህ ልጽፈው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ትራምፖሊን ያ ኢድ ላይ ልጆች የሚዘሉበት ነው?» የሚል ነበር። አዎ፣ ዘሩ እሱ ነው። ጅማ ውስጥ የኢድ ቀን፣ ለጥምቀትም፣ አዲስ ልብስ የለበሱ ሕፃናት ብር በጃቸው ይዘው ተሰልፈው የሚጠብቁት ያ ክብ፣ ዙሪያው በመረብ የታጠረ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው መዝለያ። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ «በቃ ውረዱ፣ ተራ!» የሚለው። የውድድሩ ግን ሌላ ነው። አራት ማዕዘን ነው፣ መዝለያው 4.28 ሜትር በ2.14 ሜትር ነው፣ ከወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የሚዘለልበት ነገር ወፍራም ጨርቅ አይደለም፤ ከቀጫጭን ጠንካራ ክር እንደ ወንፊት የተሠራ ነው፣ አየር ያሳልፋል። ዙሪያውን ከመቶ በላይ ሞላ ይዞታል።

ይህን ዕቃ ለዓለም ያመጣው ጆርጅ ኒሰን የሚባል የአሜሪካ የአዮዋ ልጅ ነው። በ1914 ነው የተወለደው። ልጅ ሳለ ሰርከስ ሲያይ፣ ከላይ በገመድ ሲወዛወዙ የነበሩት ሰዎች ትርዒታቸውን ጨርሰው ከሥር ወደተዘረጋው የመከላከያ መረብ ሲወድቁ መረቡ መልሶ ወደ ላይ ሲያነሳቸው አየ። ሕዝቡ የሚያየው ገመዱን ነው። እሱ ያየው መረቡን ነው። መረቡ ብቻውን ትርዒት ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ከብረት ፍሬም ሠርቶ ሸራ ወጠረበት። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከአሰልጣኙ ከላሪ ግሪስዎልድ ጋር ሆኖ በ1930ዎቹ አጋማሽ አሁን የምናውቀውን ትራምፖሊን ሠሩ። ስሙን ያገኘው ከስፓንኛ ነው፤ ትራምፖሊን ማለት ዋናተኞች ውሃ ውስጥ ለመግባት የሚዘሉበት ሳንቃ ነው። ኒሰን ሜክሲኮ ሄዶ ትርዒት ሲያሳይ ነው ቃሏን የሰማት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አብራሪዎች ሰውነታቸው አየር ላይ ሲገለበጥ አቅጣጫ እንዳይጠፋባቸው በዚህ ዕቃ ይሠለጥኑ ነበር። ኒሰን ዕቃውን ለማስተዋወቅ አንድ ካንጋሮ ተከራይቶ ኒው ዮርክ መናፈሻ ውስጥ አብሮት ዘሏል። ፎቶው አለ፤ ሰውዬውና ካንጋሮው እኩል አየር ላይ ናቸው።

ስለ ሰርከሱ ሳነብ ትንሽ ቆምኩ። ልጅ ሆኜ ጅማ ውስጥ የሰርከስ ቡድን ነበር። የሰፈር ልጆች ልምምዳቸውን በመስኮት አይተን ሄደን እኛም እንሞክር ነበር። ፍራሽ ከየት ይመጣል? ጅማ ነው፣ የቡና ገለባ ሞልቷል። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገለባ እንጠቀጥቅና ሦስት አራቱን ደርድረን ከግንብ አጥር ላይ እየዘለልን አየር ላይ እንገለበጥበት ነበር። ገለባ ይቀበላል እንጂ አይመልስም። አሁን ሳስበው ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ የኒሰን መረብ መልሶ ይወረውራል።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1964 ለንደን ውስጥ ነው፤ ሮያል አልበርት ሆል በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በወንዶች ዳን ሚልማን፣ በሴቶች ጁዲ ዊልስ አሸነፉ፤ ሁለቱም አሜሪካውያን ናቸው። የጁዲ ዊልስን ስም ያዙልኝ። በ1964፣ በ65፣ በ66፣ በ67፣ በ68 አከታትላ አሸነፈች። አምስት ጊዜ። ከዚያ አምስት ውስጥ አንዱ ቀን እንኳን ሌላ ሰው አልቀደማትም።

ያኔ ነገሩ ሁሉ የአሜሪካ ነበር። በወንዶች እስከ 1970 ድረስ ከአሜሪካዊ ውጪ ያሸነፈ የለም፤ ይህን የሰበረው በ1972 ሽቱትጋርት ላይ ብሪታኒያዊው ፖል ላክሰን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝነኛል። አሜሪካ ውስጥ ትራምፖሊን በየትምህርት ቤቱና በየመንገዱ ዳር ተስፋፍቶ ስለነበር ጉዳቱም በዛ። አንገት፣ አከርካሪ። ክስ በክስ ላይ ሆነ፣ ኢንሹራንሱ ተወደደ፣ በ1977 የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ትራምፖሊን ከትምህርት ቤት ስፖርት እንዲወጣ መከረ። ሐኪሞቹን አልወቅስም። እኔም የኢድ ቀን አሥር ልጅ በአንዴ አንድ መዝለያ ላይ ሲወጣ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፤ ትልቁ ልጅ ሲያርፍ ትንሹን ነው ወደ ላይ የሚወረውረው። (ወላጆች፣ እባካችሁ፣ አንድ በአንድ ይዝለሉ። ባለቤቱ ቢቆጣም ተከራከሩት።) ብቻ ዕቃውን የፈጠረችው አሜሪካ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በትራምፖሊን አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም።

አፍሪካ ላይ የዓለም ሻምፒዮናው ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለቱም ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ በ1974 ጆሃንስበርግ ነው። አፓርታይድ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከኦሎምፒክ ተባርራ ነበር፤ ትራምፖሊን ግን ኦሎምፒክ ውስጥ ስላልነበረ ሄደው ተወዳደሩ። ይህን ሳነብ ደስ አላለኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ እኮ በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ብቻ አፍሪካውያን፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ የሞንትሪያል ኦሎምፒክን ጥለው ወጥተዋል። ምሩጽ ይፍጠር ያን ዓመት ያልሮጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ የሕይወቱን ውድድር ይተዋል፣ ሌላው ሄዶ ይዘላል። ሁለተኛው በ1999 ሰን ሲቲ ላይ ነው፤ ያኔ አፓርታይድ የለም፣ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ አንዲት ነፃ አገር ነው የመጣው።

እስከዚያ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት አለ። ለእኔ የዚህ ውድድር ታሪክ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። በርን፣ ተልሳ፣ ብሪግ፣ ኦሳካ፣ ኦክላንድ፣ ፖርቶ፤ በየሁለት ዓመቱ እየተሰበሰቡ ዘለሉ። ኦሎምፒክ የለም። ካሜራ ብዙ የለም። ለእነሱ ከዓለም ሻምፒዮና በላይ የሚታለም ነገር አልነበረም። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሞስካሌንኮ በ1990፣ በ92 እና በ94 ሦስቴ አሸንፎ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ ብሎ ስፖርቱን ተወ። ቆይቶ ትራምፖሊን በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ እንደሚገባ ተነገረ። ሰውዬው ክብደት ጨምሮ ነበር፣ እድሜውም ሄዷል። ተመልሶ ጀመረ። በ1999 ሰን ሲቲ ላይ ዓለምን አሸነፈ፣ ሲድኒ ላይ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ትራምፖሊን ወርቅ የእሱ ሆነ፣ በ2001 ደግሞ አምስተኛውን የዓለም ሻምፒዮና ደገመ።

ሲድኒ ላይ የተወዳደሩት 12 ወንድና 12 ሴት ብቻ ነበሩ። መረቡን ያየው ያ የአዮዋ ልጅ፣ ጆርጅ ኒሰን፣ 86 ዓመቱ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ አየ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። የሴቶቹን ወርቅ ያገኘችው ካራቫዬቫ ናት።

ካራቫዬቫ ከዚያ በፊት በ1994፣ በ1998 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ሦስት። አሁን ደግሞ ኦሎምፒክ። በ2001 ወደ ዴንማርኳ ኦደንሰ ከተማ ስትሄድ የምትሸነፍ አትመስልም። አልተሸነፈችምም፤ ስሟ ተጠራ፣ መድረክ ላይ ወጣች፣ ወርቁ አንገቷ ላይ ገባ።

ከዚያ በኋላ ነው ነጥቡ ሲሰላ ስህተት እንደተሠራ የታወቀው። በትክክል ቢሰላ ኖሮ አንደኛዋ የጀርመኗ አና ዶጎናድዜ ናት። ዶጎናድዜ የጆርጂያ ተወላጅ ናት፣ እሷም ረጅም መንገድ የመጣች ስፖርተኛ ናት። ስህተቱ የዳኞች ነው። ካራቫዬቫ የሠራችው አንድም ጥፋት የለም። ውጤቱ ታውጇል፣ በደንቡ ደግሞ የታወጀ ውጤት እንዲሁ በቀላሉ አይነሳም። እንደ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ፈርሞ መጨረስ የለም።

ካራቫዬቫ ወርቁን ለዶጎናድዜ ሰጠች።

በዚህ ተግባሯ ዓለም አቀፉን የፌር ፕሌይ፣ ማለትም የስፖርታዊ ጨዋነት፣ ሽልማት አግኝታለች። ዛሬ የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ብታዩ በ2001 ሴቶች ላይ የተጻፈው ስም ዶጎናድዜ ነው።

ይህን ለክፍሉ ስነግራቸው ልጁን አላየሁትም። ሆን ብዬ ነው፤ እንዲያፍር አልፈለግኩም። ግን አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምን ቀረባት?» አለችኝ። ጥያቄው ከባድ ስለነበር ቤቴ ሄጄ ቆጠርኩት። ካራቫዬቫ ከዚያ በኋላ በ2005 እና በ2007 አሸነፈች። ከ1994፣ ከ98 እና ከ99 ጋር አምስት። ጁዲ ዊልስም አምስት። ሁለቱ እኩል ናቸው። ያን የኦደንሰ ወርቅ አንገቷ ላይ ብታስቀረው ኖሮ ስድስት ይሆንላት ነበር፤ ከ1964 ጀምሮ ከዘለሉት ሴቶች ሁሉ በላይ ብቻዋን ትቆም ነበር። በማግሥቱ ይህን ቦርድ ላይ ጻፍኩላቸው፤ አምስት፣ አምስት፣ አጠገቡ ደግሞ ባዶ ቦታ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አና ዶጎናድዜ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2004 አቴንስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። ያንን ማንም አልሰጣትም፤ ዘላ ነው ያመጣችው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልበለው። ቻይናዎች መጡ። በ2008 ቤጂንግ ላይ ሉ ቹንሎንግ እና ሄ ዌና ሁለቱንም ወርቅ ወሰዱ። ዶንግ ዶንግ የሚባለው ከ2008 እስከ ቶኪዮ ድረስ በአራት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ሜዳሊያ አገኘ፤ ነሐስ፣ ወርቅ፣ ብር፣ ብር። ጋኦ ሌይ በ2015፣ 17፣ 18 እና 19 አራት የዓለም ሻምፒዮና አከታተለ፤ የኦሎምፒክ ወርቅ ግን የለውም። ካናዳዊቷ ሮዚ ማክሌናን ለንደን ላይም ሪዮ ላይም ወርቅ ወሰደች። ቤላሩሳዊው ኢቫን ሊትቪኖቪች ቶኪዮም ፓሪስም አሸነፈ። ብሪታኒያዊቷ ብራዮኒ ፔጅ ሪዮ ላይ ብር፣ ቶኪዮ ላይ ነሐስ፣ ፓሪስ ላይ ወርቅ። ሦስቱንም ቀለም ሰበሰበች።

አሁን ወደ ፊዚክሱ፣ ምክንያቱም ይህን ካልጻፍኩ ተማሪዎቼ አይለቁኝም።

አንድ ተወዳዳሪ መጀመሪያ ከፍታ ለመያዝ ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይዘላል። ከዚያ አሥር እንቅስቃሴ አከታትሎ ይሠራል። መሐል ላይ «አንዴ ልረፍ» ብሎ ባዶ ዝላይ መዝለል የለም። አንዱ ማረፊያ ለሌላው መነሻ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ከተዛባ፣ አራተኛው ይጠማል፣ አምስተኛው ይብሳል። ከመዝለያው ወጥቶ ጠርዙን ከነካ ዙሩ እዚያው ያበቃል፤ የሚቆጠርለት እስከዚያ የሠራው ብቻ ነው። አሥረኛውን ሲጨርስ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ዙሪያውን ጠባቂዎች ቆመዋል፤ አንደኛው ፍራሽ ይዟል፤ ልጁ አቅጣጫ ስቶ ሲመጣ ካየ ፍራሹን ከሥሩ ይገፋለታል።

ዳኞች ድሮ የሚያዩት ሁለት ነገር ነበር፤ እንቅስቃሴው ምን ያህል ከባድ ነው፣ ምን ያህል ጥሩ አድርጎ ሠራው። ለዓይን የተተወ ነበር። አሁን መሣሪያ አብሮ ይፈርዳል። ተወዳዳሪው አየር ላይ የቆየበት ሰከንድ ይለካል፣ ሰከንዱ እንዳለ ነጥብ ሆኖ ይደመራል። ኦሎምፒክ ላይ መጀመሪያ የታየው ለንደን 2012 ነው። በኋላ ደግሞ ከመሐል ምን ያህል ርቆ እንዳረፈ የሚለካ ተጨመረ። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ዓይን ይደክማል፣ እጅም ይሳሳታል፤ ባለ ቀይ እስክሪብቶው ነኝና አውቃለሁ።

ስሌቱ ይኸው። ጎበዝ ወንድ ተወዳዳሪ በአሥሩ ዝላይ ከ17 ሰከንድ በላይ አየር ላይ ይቆያል። ለአንዱ 1.7 ሰከንድ። ግማሹ ሲወጣ ነው፣ ግማሹ ሲወርድ። ስለዚህ ከጫፍ እስከ መረቡ የሚወድቀው 0.85 ሰከንድ ነው። ግማሽ ሲባዛ 9.8፣ ሲባዛ 0.85 ስኩዌር። 3.5 ሜትር ይመጣል። መዝለያው ራሱ ከወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚርቅ እግሩ ከወለሉ አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። ከአንድ ፎቅ በላይ ነው። እዚያ ላይ ሆኖ ነው የሚገለበጠው፣ የሚጠማዘዘው፣ ከዚያ ተመልሶ መሐሉን የሚፈልገው።

የቤት ሥራ አልሰጠኋቸውም፣ ራሳቸው ሄዱ። ባለፈው ኢድ አምስቱ ተሰባስበው እኔን አስጠሩኝ። የእህቴንም ልጅ ይዤ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለ መዝለያውን ለመኑት። «አሥር ዝላይ ብቻ፣ ብቻዋን፣ እንለካለን» አሉት። ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሌሎቹን ልጆች አስወርዶ እሱም ስልኩን አወጣ።

የእህቴ ልጅ ዘለለች። በስልክ ቪዲዮ ቀርጸው እያዘገዩ ቆጠሩ። አሥሩ ዝላይ 7 ሰከንድ። ለአንዱ 0.7፤ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አንዱ ልጅ ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳየኝ፤ ያ አራት ነጥቡን የመለሰው ልጅ ነው። አየሁለት።

«አጎቴ፣ ስንት አመጣሁ?» አለችኝ ከላይ ሆና፣ ፀጉሯ ተበትኖ።

ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ስምንተኛው ላይ ጠርዙን ነክቻለሁ፣ ሰባት ነው የምታስቡልኝ» አለች።

ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ እንደገና መደመር ጀመረ።